የወጣቶች አገልግሎት መሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

የወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ስፒከር ተሸካሚ ነበርኩ። ቀጥሎ ፕሮግራም መሪ፣ ከዚያ የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አሁን ደግሞ ሌሎች መሪዎች ሲጨንቃቸው የሚደውሉልኝ ሰው ሆኛለሁ። የሚደውሉት ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ልጆቹ ሄደው ወንበሩ ከተሰበሰበ በኋላ። ጥያቄው ስለሚመሳሰል ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ። የማወራው ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ልምድ ነው፣ እሱም በአብዛኛው አዲስ አበባ። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ የኦርቶዶክስ ልጆችም የሚሆናችሁን ውሰዱ። ወንበር የሚያነሳ ሰው መጥፋት የሁላችንም ችግር ነው።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎች ጠርተውኝ "ከዛሬ ጀምሮ የወጣቶች መሪ አንተ ነህ" አሉኝ። ከየት ልጀምር?

እንኳን ደስ አለህ ልበልህ ወይስ አይዞህ? ሁለቱንም።

መጀመሪያ ደብተር ግዛ። አዎ፣ የወረቀት ደብተር። ልጅ እያወራህ ስልክህ ላይ ስትጽፍ ቲክቶክ የምታይ ነው የሚመስለው። በየገጹ የአንድ ልጅ ስም ጻፍ፤ ሰፈሩን፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የት እንደሚማር ወይም እንደሚሠራ፣ መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ እንደሆነ። ምስጢር ግን አትጻፍበት። ደብተር ከእጅ ይወድቃል። "60 ወጣት አለን" ተብለህ ከተረከብከው ዝርዝር ውስጥ ፊቱን የምታውቀው 25ቱን ብቻ ቢሆን አትደንግጥ። ሥራህ የቀሩትን 35 ገጾች መሙላት ነው።

ከዚያ ንብረቱን በጽሑፍ ተረከብ። ቁልፍ፣ ኪቦርድ፣ ስንት ማይክ እንዳለና ስንቱ እንደሚሠራ፣ በእጅ ያለ ገንዘብ፣ የቴሌግራም ግሩፑም ጭምር። ግሩፑን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ግሩፑን የከፈተው ልጅ ውጭ አገር ሄዶ ስልክ ቁጥር ሲቀይር አድሚን ጠፍቶ፣ የጸሎት ርዕስ በሚለጠፍበት ቦታ ለወራት የክሪፕቶ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የኖረ ኅብረት አውቃለሁ።

ሽማግሌዎቹንም ሳታፍር ጠይቃቸው። ተጠሪነቴ ለማን ነው? እስከ ስንት ብር በራሴ ማውጣት እችላለሁ? እንግዳ አገልጋይ ስጋብዝ ማን ያውቃል? አሁን ካልጠየቅክ የምትሰማው ከተሳሳትክ በኋላ ነው፣ ያውም በስብሰባ ላይ።

እና ሦስት ወር ምንም አትቀይር። የፕሮግራሙን ስም፣ የኮሚቴውን አባል፣ የወንበሩን አደራደር እንኳ አትንካ። እያወራህ ገጽ ሙላ።

ቅዳሜ ፕሮግራም ላይ ሰው እየቀነሰ ነው። እንዴት ይብዛልን?

"እንዴት ይብዛልን" የሚለውን ተወውና "ማን ማን ቀረ" በል። 80 የነበረው 45 ሆነ ሲባል "እንጸልይበት" ተብሎ ይታለፋል። ከሲኤምሲ የምትመጣዋ ልጅ ከአራት ሳምንት ወዲህ የለችም ሲባል ግን ስልክ የሚያነሳ ሰው ይገኛል። ደብተሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስትደውሉ ወይም ልጁ ሲመጣ ግን እባካችሁ "ጠፋህሳ!" አትበሉ። ሁላችንም እናውቃታለን። በር ላይ ቆሞ "አንተ! ምነው ጠፋህ? ረሳኸን አይደል?" የሚል አስተናጋጅ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደምንም ደፍሮ የመጣን ልጅ ለሌላ ሁለት ወር ይመልሰዋል። እኛ ፍቅር የገለጽን ይመስለናል። ልጁ ግን የቀረባቸውን ቅዳሜዎች ቆጥረን እንደያዝንበት ነው የሚሰማው። "እንኳን መጣህ፣ ና እዚህ ጋ ቦታ አለ" ይበቃል። የት እንደነበረ ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል፣ ያውም ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሻይ ስትጠጡ።

ሰዓቱንም እዩ። 8 ሰዓት ብላችሁ ጠርታችሁ 8፡50 ከጀመራችሁ፣ የቀጣችሁት ሰዓት አክብሮ የመጣውን ነው። 50 ደቂቃ ሙሉ "ሄሎ ሄሎ፣ ዋን ቱ፣ ሞኒተሩን ጨምርልኝ" ሲሰማ ተቀምጧል። ሳውንድ ቼክ በሩ ሳይከፈት ይለቅ።

ማለቂያውማ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ11፡30 በኋላ የታክሲ ሰልፉን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሴት ልጅ ሁለት ቅዳሜ ካመሸች ሦስተኛው ላይ እናቷ አትልካትም፣ ደግሞም እናትየዋ ልክ ናት። እኛ ማለቂያውን 11 ሰዓት አድርገን በትልቁ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። እንግዳ ሰባኪም ሲጋበዝ አብሮ ይነገረዋል። አንዳንዱ "መንፈስን በሰዓት ትገድባላችሁ እንዴ?" ይላል። የምንገድበው ሰባኪውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለታክሲ የሚከፍለው የሌለው ልጅ "ብር የለኝም" አይልም። "ሰሞኑን አልተመቸኝም" ነው የሚለው። ይህንን ቃል ከአንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ከሰማችሁ ስለ መንፈሳዊ ድካሙ ከማውራታችሁ በፊት ኪሱን አስቡ። በአንድ ሰፈር ያሉትን አቧድኖ አብረው እንዲመጡ ማድረግ፣ መኪና ካለው የቤተክርስቲያን አባል ጋር ማገናኘት፣ ወይም ሌላ ሰው ሳያይ የመሳፈሪያ መስጠት ይቻላል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ልጆቹ ድራሻቸው ይጠፋል። ምን ይደረጋል?

ይህን ጥያቄ የጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ነው የነካኸው።

ቁጥሩን እንየው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ ከ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ኅብረትህ ውስጥ 12 ተፈታኝ ካለህና እንደ አገሩ ከሆኑ፣ ያለፈ አንድ ልጅ ማግኘትህ ራሱ ዕድል ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ያቺን ያለፈች አንዷን መድረክ ላይ አውጥተን እናስመሰክራለን። "ጌታ ታማኝ ነው!" ትላለች፣ እልል ይባላል። አሥራ አንዱ ከታች ተቀምጠው "ታዲያ ለእኔስ?" ይላሉ በልባቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጡም።

አንድ ድራም የሚመታ ልጅ ነበረን። ውጤት በወጣ በሳምንቱ ድራሙ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠ፣ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም ጭምር። አንድ ወር አልፎት እናቱ ሱቅ ሄድኩ። ስኳር በላስቲክ እየመዘነ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና መመዘኑን ቀጠለ። "ቴሌግራም አጥፍቼ ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። ስለ ውጤት አንድም ቃል አላነሳሁም። "ድራሙን የሚመታው ልጅ ቴምፖ አይጠብቅም፣ ና አስተምረው" አልኩት። ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ስሄድ ያዘጋጀሁት ጥቅስ ነበር፣ ባለመጥቀሴ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ይኸው ነው። ውጤት ከመውጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አንድ ሰው ይመደባል። ያ ሰው የሚደውለው ውጤት በወጣ ማግስት ነው፣ "ስንት አመጣህ?" ሳይሆን "ዛሬ ምሳ እንብላ" ለማለት። የውጤት ምስክርነት መድረክ ላይ አናወጣም። በምትኩ ከዚህ በፊት ያላለፉ፣ አሁን በቴክኒክና ሙያ ተምረው ወይም ሥራ ጀምረው የሚኖሩ የኅብረቱ ልጆች ተጠርተው ከተፈታኞቹ ጋር ክብ ሠርተው ያወራሉ። በሪሜዲያል (ማለፊያ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ዩኒቨርሲቲ መግባት ስለሚቻልበት ሁኔታ፣ በግል ድጋሚ ስለመፈተን፣ ስለ ኮሌጅ የሚያውቅ አንድ መምህርም ይገኛል። "ጌታ ሌላ በር ይከፍታል" ማለት ስህተት አይደለም፣ ግን የትኛው በር እንደሆነ የሚያሳይ ሰው አብሮ ይምጣ።

ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ተፈታኞችን ከመዝሙር ልምምድ ነጻ አድርጓቸው። ፈተና እያለበት በሳምንት ሦስት ማታ ልምምድ ያስጠራነው ልጅ ሲወድቅ፣ ወላጆቹ ቤተክርስቲያኒቱን ነው የሚወቅሱት።

ሽማግሌዎቹ አይሰሙንም። ያቀረብነው ሁሉ "እንጸልይበት" ተብሎ ይቀራል።

አንዳንዴ በእርግጥ አይሰሙም። ብዙ ጊዜ ግን የምናቀርበው ነገር የሚሰማ አይደለም። "ለወጣቱ ትኩረት ይሰጠው" ጥያቄ አይደለም፣ እሮሮ ነው። ሽማግሌ በአንድ ስብሰባ የመሬት ጉዳይ፣ የጋብቻ ጉዳይ፣ የጣሪያ ማፍሰስ እና የእናንተን እሮሮ ያያል። ጣሪያው ነው የሚቀድመው።

በአንድ ገጽ ጻፉት። ምን፣ መቼ፣ ስንት ብር፣ ማን ኃላፊ። በታችኛው መስመር "እስከ ጥቅምት 10 ቀን መልስ ብናገኝ አዳራሹን መያዝ እንችላለን" በሉ። ከስብሰባው በፊት ከሽማግሌዎቹ አንዱን ቤቱ ሂዳችሁ አነጋግሩ። ቡና ይፈላል፣ ልጁ ይጠራል፣ ስለ ጤና ይወራል፣ መጨረሻ ላይ ነገሩ ይነሳል። እንዲህ አስቀድሞ የሰማ ሰው ስብሰባ ላይ ይሟገትላችኋል። መድረክ ላይ ወጥቶ በጸሎት አስመስሎ ሽማግሌ መውጋት ግን ነውር ነው፣ ደግሞም አይሠራም።

አንድ ነገር አስታውሷቸው፣ በትህትና። ሙሉ ወንጌል ቤተክርስቲያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ስትጀመር የጀመሯት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ "ወጣት ምን ያውቃል" ከሚሉት አንዳንዶቹ ራሳቸው በ20 ዓመታቸው በደርግ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ደብቀው የዞሩ ናቸው። "አባባ፣ እርስዎ በእኛ ዕድሜ ምን ይሠሩ ነበር?" ብላችሁ ጠይቋቸውና ዝም ብላችሁ ስሙ። የተሰማ ሰው መልሶ ይሰማል፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

ሁሉን ነገር የምሠራው እኔ ነኝ። ሥራ ስሰጣቸው አይሠሩም። እንዴት ላካፍል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ላይ "አይሠሩም" ያልሽው በእርግጥ አለመሥራት ነው ወይስ እንዳንቺ አለመሥራት?

ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሲዳኝ አማቱ ዮቶር መጥቶ "ምን ማድረግህ ነው?" ያለውን ታሪክ ሁላችንም እናስተምረዋለን። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ። ዮቶር ያየው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ በአንድ ቀን ገባው። ከውጭ የመጣ ሰው ቶሎ ያያል። እና አንድ ቅዳሜ ከሌላ ኅብረት ጓደኛሽን ጥሪና ጥግ ላይ ተቀምጣ ስንት ጊዜ ስምሽ እንደሚጠራ ትቁጠር። እኔ አስቆጥሬ አውቃለሁ። አፈርኩ።

ሥራ ሲሰጥ ቁራሹ አይሰጥም። "ወንበር ደርድሩ" ብለሽ ግን አደራደሩን አንቺ ከወሰንሽ የሰጠሽው ጉልበት ነው፣ ኃላፊነት አይደለም። "የዚህ ወር እንግዳ አቀባበል የአንቺ ነው፣ ይሄ 600 ብር አለሽ፣ እንዴት እንደሚሆን አንቺ ወስኚ" በያት። መጀመሪያ አንቺ ስትሠሪ ታያለች፣ ቀጥሎ አብራችሁ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ እሷ ትሠራለች አንቺ ከኋላ ትቆሚያለሽ፣ በመጨረሻ ቤትሽ ትቀሪያለሽ። አራተኛው ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው፣ እቤት መቅረት ስለማንችል።

ይበላሻል? አዎ ይበላሻል። አንድ ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ፕሮጀክተሩን ኃላፊ አድርገን፣ መዝሙሩ ሊጀመር ሲል ገመዱ ቤት እንደቀረ ታወቀ። ልሮጥ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ልጁ ግንባሩን ያዘ፣ ከዚያ መድረክ ወጥቶ "ዛሬ በቃላችን ነው የምንዘምረው" አለ። ያን ቀን የተዘመረውን ያህል ሳንዘምር ዓመት አልፎናል። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ገመድ ይዞ ይመጣል።

ትንንሽ ቡድን ደግሞ መሪ ማብቀያ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አዳራሿ ተወሰደ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሹ መሰብሰብ ያዙ። ስትዘጋ ወደ 5,000 ገደማ የነበረው አባል ደርግ ሲወድቅ 34,000 አካባቢ ደርሶ ነበር። ያለ መድረክ፣ ያለ ኪቦርድ። በየቤቱ አንድ ሰው መምራት ነበረበትና ሰው መምራት ለመደ። አንቺ ጋ ደግሞ 40 ልጅ ካለ አምስት ቡድን ነው፣ አምስት መሪ ነው። አሁን የሚጎድሉሽ እነሱ ናቸው።

መዘምራኑና የወጣት ኮሚቴው ይጣላሉ።

ያልተጣላ አላየሁም። መዘምራኑ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ፣ ኮሚቴው በወር አንዴ። ማን ማንን እንደሚመራ ግልጽ ነው! የመዘምራኑን አስተባባሪ የኮሚቴው አባል አድርጉት፣ የልምምድ ቀናትን አብራችሁ ቁረጡ። እና የዩኒፎርም ጉዳይ። ለበዓል አዲስ ልብስ ሲሰፋ መክፈል የማትችል ልጅ "ድምፄ ተዘጋ" ብላ ትቀራለች። ዋጋው ከመወሰኑ በፊት እሷን አስቡ።

ገንዘብ እንዴት እንያዝ?

በግል ቴሌብር ወይም በግል የባንክ ሒሳብ አይሰብሰብ። አለቀ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። የካምፕ መዋጮ በራሴ ቴሌብር ሰበሰብኩ፣ ቀላል ስለሆነ። የራሴንም ወጪ ከዚያው እከፍላለሁ። ሒሳብ ሲዘጋ 2,350 ብር ጎደለ። ማንም አልወሰደውም፣ እኔው ነኝ የቤት ኪራይ ስከፍል የቀላቀልኩት። ከደሞዜ ሞላሁት፣ ግን በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ የሰው ፊት ማየት አቃተኝ። ማንም ሌባ አላለኝም፣ ቢሉኝም የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

ስለዚህ በቤተክርስቲያኒቱ ሒሳብ ይግባ። ያ ካልተቻለ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች፣ የሚመዘግበው ሦስተኛ። ደረሰኝ የሌለው የሻይ ወጪ እንኳ በወረቀት ተጽፎ ይፈረም። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ለልጆቹ ይነበብ፣ ለሽማግሌ ብቻ አይደለም። ያዋጡት እነሱ ናቸው።

ታዳጊዎችን ስናገለግል ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ይህን የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎች መጠየቅ አለባቸው።

ከአንድ ታዳጊ ጋር ብቻህን በተዘጋ ክፍል አትቀመጥ። ምክርም ሆነ ጸሎት፣ በሩ ተከፍቶ ወይም ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ሴት ልጅን ሴት ታማክራት። ማታ 4 ሰዓት ላይ በቴሌግራም የግል ወሬ አይኖርም። ልጁ ራሱ ከጻፈልህ "ነገ በአካል እናውራ" በል። ማንም ልጅ ስልኩ ውስጥ ከመሪው ጋር የተጻጻፈውን እንዲያጠፋ አይነገረውም። እንዲህ የሚል መሪ ካለ የዚያኑ ቀን ከአገልግሎት ይውጣ።

አንድ ልጅ "እንዲህ ተደረግኩ" ብሎ ከነገረህ አትጠራጠረው፣ አትመርምረው፣ "ለማንም አልናገርም" ብለህም ቃል አትግባ። "ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፣ የሚረዱህ ሰዎች ጋ አብሬህ እሄዳለሁ" በለው። እና እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፤ ይህ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር አይደለም። "የቤተክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ" ተብሎ በእርቅ የተዳፈነ ነገር ሌላ ልጅ ላይ ይደገማል። ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር የሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፣ "ፈቅዳ ነው" ማለትም አያድንም። ፖሊስ 991 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የሕጉንም ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለው። ተጎጂው ሳይታጠብና ልብሱ ሳይታጠብ ቶሎ መድረስ ለሕክምናውም ለማስረጃውም ይጠቅማል።

ክረምት ላይ ካምፕ ልናወጣ ነው። ምን እንዳንረሳ?

የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ከስልክ ቁጥራቸው ጋር። አስም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ አስቀድሞ ይታወቅ። የአውቶቡሱን ሹፌር ሌሊት አታስነዱት። ስትወጡም ስትመለሱም ልጆቹን በስም ቁጠሩ፣ "ሁሉም አለ?" ብሎ መጮህ መቁጠር አይደለም።

ውሃ ያለበት ቦታ ከሆነ ከሁሉ በላይ እሱን ፍሩ። ቢሾፍቱ ውብ ነው፣ ግን አብዛኞቹ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ከተማውን ስሙን ያወረሰው የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ዳሩም ቶሎ ነው የሚጠልቀው። ብዙ ልጆቻችን ዋና አይችሉም፣ "እችላለሁ" የሚሉትም ወንዝ ውስጥ የተንቦጫረቁ ናቸው። ዋና የሚችል ጎልማሳ ዳር ላይ ቆሞ ካልጠበቀ ማንም ውሃ አይግባ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን ሁሉም አስተባባሪ ስልኩ ላይ ይያዝ፣ የአካባቢውን ጤና ጣቢያም ቀድማችሁ አግኙት።

አንድ ልጅ "መኖር አስጠልቶኛል" አለኝ። ጸለይኩለት። ሌላ ምን ላድርግ?

ጸሎቱ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አትተወው። "ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" ብለህ በቀጥታ ጠይቀው። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለህ ለሚያምነው የቤተሰብ አባል አሳውቅና የዚያኑ ቀን አብረህ ሐኪም ጋ ሂድ፤ አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። "አማኑኤል" ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ እብድ ተባልኩ ብሎ ያስባል። ለዚያ ነው አብረህ የምትሄደው። መድኃኒት ከታዘዘለት "በእምነት ተወው" የሚል ሰው አጠገቡ አይድረስ። "እምነት ስለጎደለህ ነው" የሚለውማ መኖር ባስጠላው ላይ ጥፋተኛነት ይጨምርበታል።

ከማገለግላቸው ልጆች አንዷን ወደድኳት። ምን ይሻለኛል?

ከ18 በታች ከሆነች ወንድሜ፣ ጥያቄ የለም፣ ተው። ራቅ በል፣ ለመጋቢህ ንገርና ከዚያ ምድብ ውጣ።

አዋቂ ከሆነች ኃጢአት አልሠራህም። ግን አንተ መሪዋ ነህ፣ እምቢ ለማለት ትፈራለች። አስቀድመህ ለአንድ ሽማግሌ ተናገር፣ የእሷን ቡድን ለሌላ ሰው አስረክብ፣ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ጠይቃት። "ጌታ ነግሮኛል" ብለህ እንዳትጀምር ብቻ። ለእሷም ይንገራት።

እኛ ያለነው ውጭ አገር ነው። ልጆቹ አማርኛ አይገባቸውም፣ ወላጆች ደግሞ በአማርኛ ካልሆነ ይላሉ።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና ለንደን ከሚያገለግሉ ወዳጆቼ ጋር ደጋግመን ያወራነው ነው። ወላጅ የሚፈራው ቋንቋውን ብቻ አይደለም፣ ልጁ ከእጁ እንዳይወጣ ነው። ስብከቱና ውይይቱ ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን። መዝሙሩ በአማርኛ ይቆይ፣ ስክሪን ላይ ቃሉ በላቲን ፊደል ቢጻፍላቸው ይዘምሩታል፣ ደግሞ ይወዱታል። በወር አንዴ እነሱ የትልልቆቹን ጉባኤ ይምሩ፣ አማርኛቸው ቢሰበርም። እትዬዎቹ ሲሰሙ ያለቅሳሉ፣ ክርክሩም ይበርዳል። የአገሩንም ሕግ አክብሩ። ለምሳሌ እንግሊዝ አገር ከልጆች ጋር የሚሠሩ አገልጋዮች ዲቢኤስ የሚባለውን የወንጀል ሪከርድ ምርመራ ያደርጋሉ። "እኛ እንተዋወቃለን" ብሎ መዝለል አይቻልም።

ደክሞኛል። ብለቅ ጌታን መካድ ይሆንብኛል?

አይሆንም። ለስንት ዓመት እንደምታገለግል መጀመሪያውኑ የነገረህ ሰው አልነበረም፣ ችግሩ እሱ ነው። ለመሪ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ከቆየ ልጆቹ ኅብረቱንና እሱን መለየት ያቅታቸዋል።

ግን ዝም ብለህ አትጥፋ። ከስድስት ወር በፊት ተናገር። ተተኪህን ሽማግሌዎች ይምረጡት፣ አንተ ጠቁም። አብራችሁ ሁለት ወር ሥሩ፣ በሁለተኛው ወር አንተ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ቁልፉን፣ ማይኮቹን፣ የሒሳብ መዝገቡን በፊርማ አስረክብ። የቴሌግራሙን ባለቤትነት አስተላልፍና ከአድሚንነት ውጣ፣ "ለጊዜው ልቆይ" አትበል።

ደብተሩን ከመስጠትህ በፊት ግን አብራችሁ ተቀመጡ። ገጽ በገጽ። እኔ ሳስረክብ ሦስት ማታ ፈጅቶብናል። አንዱ ገጽ ላይ ስንደርስ ተተኪዬ ቆም አለና "ይሄ ልጅ እኮ አልመጣም፣ አራት ወር ሆነው" አለኝ። "ታዲያ እናቱ ሱቅ የት እንዳለ ታውቃለህ?" አልኩት። አያውቅም ነበር። ተነስተን ሄድን።